57 ግራም ሻይ፦ ከእማዬ ጋር አምስት ቀን በሰሜን እንግሊዝ

ዋዜማ፣ ሊድስ

ነገሩ የተጀመረው በወጥ ቤት ሚዛን ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። የገበያ አዳራሽ መዞር ሰልችቷታል። ቴሌቪዥኑም አይገባትም፤ ድምፁን አጥፍታ የሰዎቹን ልብስ ብቻ ታያለች። አንድ ማታ "ሱቅ እኛም አገር አለ፣ እስኪ የሰው ኑሮ አሳዪኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ሊድስ ከገባሁ ጀምሮ ዛሬ ነገ እያልኩ የማሳድረው ጉዞ ነበረኝ። የዚህ የሰሜን እንግሊዝ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እቤቱ ውስጥ እንዴት እንደኖረ የሚታይባቸውን ቦታዎች መዞር። የቸርችልን ንግግር ማለቴ አይደለም፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ድስቱን፣ መጋረጃውን፣ የልጆቹን ጫማ ማለቴ ነው።

ላስረዳት ብዬ ሚዛኑን አወጣሁና የአንድ አዋቂ ሰው የሳምንት ራሽን መዘንኩላት። ሻይ ቅጠል 57 ግራም። ቅቤ 57 ግራም። ቺዝ ያው 57 ግራም። ስኳር 227 ግራም። እንቁላል አንድ፣ እሱም ከተገኘ ነው። ቤከንም ነበረበት፣ ግን የአሳማ ሥጋ እማዬ ፊት አይመዘንም። መጠኑ እንደ ጊዜው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ራሽኑ በጃንዋሪ 1940 ተጀምሮ ጨርሶ የቀረው በጁላይ 1954 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

"ይሄ የስንት ሰው ነው?"

"የአንድ ሰው፣ የሳምንት።"

ዝም ብላ አየችው። እማዬ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጣ ተራ የያዘች ሴት ናት። ስኳርና ሳሙና በካርድ ተቀብላ ቤተሰብ ያስተዳደረች። ሳህኑን ወዲህ ወዲያ አዟዟረችና "ስኳሩ ደህና ነው" አለች። ከዚያ ሻዩንና ስኳሩን በየላስቲኩ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"በዚህ እሰነብታለሁ። ታዪያለሽ።"

በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ሰው እኮ ናት። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አንደኛ ቀን፣ ማልተን

ከሊድስ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ማልተን የምትባል ትንሽ የዮርክሻየር ከተማ ሄድን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኤደን ካምፕ የሚባል ሙዚየም አለ። በጦርነቱ ጊዜ የምርኮኛ ሰፈር ነበር፤ የእንጨት ጎጆዎቹ ዛሬም በረድፍ ቆመዋል። እያንዳንዱ ጎጆ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ራሽን፣ ስለ መብራት ማጥፋት፣ ስለ ቦንብ ድብደባ።

በር ላይ ሳነብላት "በ1942 ቀድመው የገቡት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው" ስል ቆመች።

"የማን አልሽ?"

"የጣሊያን። ሰሜን አፍሪካ ላይ ተማርከው ነው። እዚህ እርሻ ላይ ያሠሯቸው ነበር።"

አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ሸዋ ውስጥ አርበኛ ነበሩ። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ኢትዮጵያን ሊገዛ ወጥቶ እዚህ ድንች ሲለቅም! አባዬ ይሄን ሳይሰማ ሞተ!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ትንሽ ቆይታ ግን አንዱ ጎጆ ውስጥ የተደራረበውን የእንጨት አልጋና ስስ ብርድ ልብሱን በእጇ ዳሰሰችና "ያው የሰው ልጅ ነው መቼም። በርዶት ይሆናል" አለች።

እኔን እግሬን ያሰረኝ የጋዝ ጭምብሉ ነው። ጦርነቱ ገና ሳይጀመር፣ በ1938፣ 38 ሚሊዮን ያህል ጭምብል ለሕዝቡ ታድሏል። ልጆች በካርቶን አድርገው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ለሕፃናት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበረ። ሕፃኑ ከወገቡ በላይ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ይገባል፣ ፊት ለፊት መስኮት አለው፣ እናትየው ከጎን ያለውን ወናፍ በእጇ እየገፋች አየር ታስገባለታለች። ካቆመች አየር የለም። እማዬ ወናፉን ዓይታ ዓይታ "ክንዷ ሲዝልስ?" አለች። የሚመልስልን አልነበረም።

ጋዙ እንግሊዝ ላይ አልመጣም። ጭምብሉ በየቁም ሳጥኑ ጣሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ቀረ። እኛ ጋ ደግሞ በ1935 እና በ1936 የጣሊያን አውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ሲረጭ ጭምብል የለበሰ ገበሬ አልነበረም። ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም። እማዬ ግን አያቴ ስለዚያ ጭስ ሲያወሩ የሰማችው ነገር አለ፤ ከዚያ ጎጆ እስክንወጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ውጭ አንደርሰን የሚባለውን መጠለያ አየን። ነገሩ ቆርቆሮ ነው። የእኛው ቆርቆሮ! የተጠማዘዘ ቆርቆሮ በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንድ ሜትር ከምናምን ወደ ታች ይተከላል፣ ከላይ አፈር ይለብሳል፣ አፈሩ ላይ ጎመን ይዘራል። በዓመት ከ250 ፓውንድ በታች ገቢ ላለው ቤተሰብ በነፃ ነበር የሚሰጠው። ስድስት ሰው እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው ይላሉ፤ እኔና እማዬ ስንገባ እንኳ ጉልበታችን ተጋጨ። እማዬ በጣቷ አንኳኳችው። "ዝናብ ሲመታውስ እንዴት ያስተኛል?" ዝናቡስ ከላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በክረምት ከሥር ውኃ ይሞላው ነበር። ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር እናቶች ልጆቻቸውን ከሞቀ አልጋ አውጥተው ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያወርዱት።

ስለ መብራቱም ልበልና ልለፍ። ከሴፕቴምበር 1939 ጀምሮ ማታ ማታ መስኮት ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ይጋረዳል። ቀጭን ብርሃን ካመለጠች ጠባቂው በር ይደበድባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቦንብ ይልቅ በጨለማ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ሰው በልጦ ነበር። እኛ መብራት ይጠፋብናል፣ እነሱ ራሳቸው ያጠፉታል።

ካፌው ውስጥ ሻይ ልግዛልሽ ብላት እምቢ አለች። የሞቀ ውኃ ብቻ ጠየቀች፤ ከላስቲኳ ቆንጥራ ጨመረችበት። አስተናጋጇ ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም፣ እግዜር ይስጣት። እማዬ ከዚያ "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" ብላ ሄዳ ትንሽ ቆየች።

ሁለተኛ ቀን፣ ሃል

ባቡሩ ተሰረዘ። ቀጣዩም ዘገየ። ጣቢያው ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ስንቆይ እማዬ "እነዚህ ሰዎች ጦርነት አሸንፈው ባቡር አቃታቸው?" አለች። ይሄን ለማንም አልተረጎምኩም።

ሃል በምሥራቅ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት። የስልክ ዳሶቿ እንደሌላው አገር ቀይ አይደሉም፣ ክሬም ቀለም ናቸው። በጦርነቱ ከለንደን ውጭ ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ናት። 92,000 ገደማ ከሚሆነው መኖሪያ ቤት ምንም ሳይነካ የቀረው 6,000 አይሞላም። 1,200 ያህል ሰው ሞቷል። አብዛኛው እንግሊዝ ግን ይህን አልሰማም፤ ምክንያቱም ሬዲዮውና ጋዜጣው ጠላት ቦንቡ የት እንዳረፈ እንዳያውቅ ብሎ "አንዲት የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከተማ" ብቻ ነበር የሚለው። እማዬን የቆረቆራት ከሞቱት ቁጥር ይልቅ ይሄ ነው። "ስሟን እንኳ አልጠሩላትም?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ማታ ሊድስ ስንመለስም ደግማ አነሳችው።

ቤቨርሊ ሮድ ላይ የፈረሰ ሲኒማ ቤት አለ። የፊት ግንቡ ብቻ ነው የቆመው። ማርች 18 ቀን 1941 ማታ 150 ያህል ሰው ውስጡ ተቀምጦ ቻርሊ ቻፕሊን በሂትለር ላይ የሚቀልድበትን ፊልም እያየ ነበር። የአውሮፕላን ድብደባ ሲጀመር ሰዉ ወደ መግቢያው ክፍል ሄዶ ተጠለለ። ቦንቡ የወደቀው በሕንፃው ጀርባ ነው። አዳራሹ ተደረመሰ፣ መግቢያው ቆመ፣ አንድም ሰው አልሞተም። ቆመን ስናየው በአጠገባችን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተማሪዎች ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ግንቡን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እማዬ "እነዚያ ሰዎች ፊልሙን መቼ ጨረሱት?" አለች። እኔም ከዚያ ወዲህ የማስበው ይህንን ነው። ሌላ ጊዜ ሌላ ሲኒማ ሄደው ከቆመበት አይተውት ይሆን?

ሌላው የሃል ነገር ማታ ማታ ከከተማ መውጣት ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ቤተሰቡ ብርድ ልብሱን በሕፃን ጋሪ ጭኖ፣ አያትን በአንድ እጅ ልጅን በሌላ እጅ ይዞ፣ ወደ ገጠር ይሄዳል። ጎተራ ውስጥ፣ አጥር ሥር፣ ሜዳ ላይ ያድራል። ጠዋት ተመልሶ ሥራ ይገባል። ፋብሪካው እኮ አልተዘጋም፣ ትምህርት ቤቱም። በየቀኑ መሰደድና በየቀኑ መመለስ! እማዬ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ "የስደት ዓይነቱ ብዛቱ" ብላ ዝም አለች።

ማታ ቤት ስንገባ ላስቲኮቹን አየሁ። ሻዩ ገና ብዙ ነው። ስኳሩ ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

ሦስተኛ ቀን፣ ሼፊልድና ስቶክፖርት

ጠዋት ሼፊልድ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ወረድን። ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ክንድ ለክንድ ተያይዘው የቆሙ የሁለት ሴቶች የነሐስ ሐውልት አለ፤ "የብረት ሴቶች" ይሏቸዋል። ወንዱ ሲዘምት የብረት ማቅለጫውን ያንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው። ከዲሴምበር 1941 ጀምሮ ያላገቡ ሴቶችን በግዴታ መመልመል ተጀምሮ ነበር፤ ያገቡትም እየተጠሩ ገቡ። ጦርነቱ ሲያልቅ "በቃ፣ ወደ ቤታችሁ" ተባሉ። ሐውልቱ የቆመው በ2016 ነው፣ ከ70 ዓመት በኋላ። አራት አሮጊቶች ተነስተው ባይጨቀጭቁ እሱም ባልቆመ።

እማዬ የአንደኛዋን እጅ ይዛ ፎቶ ተነሳች። "ትዝታዬን ቀሰቀሱት" አለች። አባዬ ወደ ኦጋዴን የዘመተ ጊዜ እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። ሲመለስ ሥራውን ተይ አላት፣ አልተወችም። ይህን እስከ ዛሬ በደፈናው ነበር የማውቀው። እንዴት እንደተጣሉበት የሰማሁት ግን ሼፊልድ አደባባይ ላይ ነው፤ የቀረውን ለራሴ ልያዘው።

ከዚያ በተራሮቹ መሀል በሚያልፈው ባቡር ወደ ስቶክፖርት። ማንችስተር ጎን ያለች ከተማ ናት። መሀል ከተማዋ ላይ ቀይ ገደል አለ፤ ገደሉ ውስጥ ወደ አንድ ማይል የሚጠጋ ዋሻ ተፈልፍሎበታል። የቦንብ መጠለያ ነው። በኦክቶበር 1939 ሲከፈት 3,850 ሰው ይይዝ ነበር፣ በኋላ ለ6,500 ሰው ሰፋ። እማዬ ከመግቢያው ሁለት እርምጃ ገብታ ግድግዳውን ስትዳስስ ፊቷ በራ።

"ላሊበላ!"

እውነቷን ነው። ያ ቀይ ድንጋይ፣ ያ የመፈልፈያ ምልክት፣ ያ የሚያስተጋባ ዝምታ። "ላሊበላን ሌሊት ሌሊት መላእክት አግዘውታል ይባላል፣ እነዚህን ማን አገዛቸው?" አለችኝ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች አልኳት። ቅር አላት።

ውስጡ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የሕክምና ክፍል፣ ሻይ ቤት፣ የኤሌክትሪክ መብራት አለ። ሽንት ቤቱ ውኃ የለውም፣ በኬሚካል ባልዲ ነው፣ መጋረጃው ደግሞ ስስ። በዚያ ዘመን ግን ብዙው ሰው ቤቱ የሌለውን ነገር እዚህ ያገኝ ስለነበር ሰፈሩ በፌዝ "ቼስተርጌት ሆቴል" ይለው ነበር፤ ቼስተርጌት መንገዱ ነው። ሰው ከማንችስተር ድረስ እየመጣ ቦታ ስለሚሞላ ለመግባት ካርድ እስከ ማውጣት ደርሷል። ማንችስተር በ1940 የፈረንጅ ገና ዋዜማ ሁለት ሌሊት ሲደበደብ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ ካቴድራሉ ራሱ ተመትቷል።

አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ከድንጋዩ ወደ ጀርባ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ስትቀመጪ አስቢው አልኳት፤ ልጅ አቅፈሽ፣ ጎረቤትሽ እያንኮራፋ፣ የሆነ ሰው እየዘፈነ። "ዘፈኑ ነው የሚከፋው" አለች። እማዬ ዘፈን አትጠላም፣ ሰው እንቅልፉን ሲነሳት ነው የምትጠላው።

ስቶክፖርት ሌላም ታሪክ አላት። በጁን 1940 ጀርመን ገርንዚ የምትባለውን ደሴት ልትይዝ ስትል፣ ልጆቹ ከመምህሮቻቸው ጋር፣ አንዳንዶቹም ከእናቶቻቸው ጋር በመርከብ ወጡ፤ ብዙዎቹ ወደዚህ ወደ ስቶክፖርት፣ ወደ ቤሪና ኦልድሃም መጡ። ለአጭር ጊዜ መስሏቸው ነበር። አምስት ዓመት ሆነ። ትንሽ ሆኖ የወጣ ልጅ የወላጆቹን መልክ ረስቶ፣ በሰሜን እንግሊዝ ዘዬ እያወራ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወላጅ ጋር መገናኛው በቀይ መስቀል በኩል የሚላክ መልእክት ብቻ ነበር። ልኩ 25 ቃል። ወራት ወስዶ ይደርሳል።

እማዬ "25 ቃል? ሰላምታው ብቻ አይበቃውም!" አለች። ማደሪያችን ገብተን ሞከርነው። ደብረ ብርሃን ላለችው እህቷ አስጻፈችኝ። "እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ልጄም ደህና ናት፣ ልጆችሽ፣ ባልሽ፣ ጎረቤቱ፣ እነ እንትና እንዴት ናቸው..." ቆጠርኩ። 17 ደርሷል፣ ገና ምንም አልነገረቻትም። ከዚያ መቀነስ ጀመርን። ባልየውን ቀነሰችው። ጎረቤቱን ቀነሰችው። "እግዚአብሔር ይመስገን"ን ልቀንስ ስል ግን እጄን ያዘችኝ። ስልክ ተቋርጦበት ወራት የከረመ ሰው ይህን ጨዋታ ሳንነግረው ያውቀዋል።

አራተኛ ቀን፣ ሊቨርፑል

ሊቨርፑልን የምጽፈው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ስል ነው። ወደቡን እንለፈው። ብቻ አንድ ነገር ልበል፦ እማዬ በላስቲክ የያዘችው ዓይነት ሻይ፣ ስኳሩም፣ ስንዴውም በመርከብ ከሚገባባቸው ዋና በሮች አንዱ ይህ ነበር። የተመታውም ለዚህ ነው። ከሜይ 1 እስከ 7 ቀን 1941 ሰባት ሌሊት በተከታታይ ተደበደበ። በከተማዋና በአካባቢዋ 1,700 ያህል ሰው ሞተ። ከሌሊቶቹ በአንዱ ጥይትና ቦንብ የጫነች መርከብ ወደቡ ላይ ፈንድታለች።

ቅዱስ ሉቃስ ኮረብታ መሳይ ቦታ ላይ ነው፣ ቦልድ ስትሪት ሲያልቅ። ግንቡ አለ፣ ማማው አለ፣ መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ጣሪያ የለውም። ውስጡ ሣርና ዛፍ ነው። ከተማው "ቦንብ የመታው ቤተ ክርስቲያን" ብሎ ነው የሚጠራው፣ ስብራቱንም ጠግነው ሳይደፍኑት እንዲሁ ተዉት። ተቀጣጣይ ቦንብ የወደቀበት በሜይ 5 ለ6 አጥቢያ ነው።

ቀኑን ሳነብ ልቤ አንድ ነገር አለኝ። ሜይ 5 ቀን 1941።

"እማዬ፣ ሚያዝያ 27 እኮ ነው። 33 ዓመተ ምሕረት።"

ወዲያው ገባት። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን። ጣሊያን በገባ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። የእማዬ እናት ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፣ መንገድ ዳር ሆና እልል ብላለች፤ ድምፄ ለሦስት ቀን ዘግቶ ነበር ትል ነበር። በዚያው ቀን ማታ እዚህ ጣሪያው በእሳት ወረደ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ከዚያ ሳምንት የከፋ ብዙ አልነበረም፤ ሃልም በጣም የተመታችው በዚያው ሳምንት፣ ከ7 እስከ 9 ባሉት ሁለት ሌሊቶች ነው። ነገ የምንሄድባት ባሮውም እንዲሁ። እኛ ስንጨፍር እነሱ ከፍርስራሽ ሰው ያወጡ ነበር። ለሳምንታት ያህል ስለ ጦርነቱ ሳነብ እነዚህን ሁለት ቀኖች አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ጋ ሄደች፣ አማተበች፣ ድንጋዩን ሳመች። ቡና ይዘው ሣሩ ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ አንደኛዋ ስልኳን አንስታ ነበር፣ መልሳ አስቀመጠችው። "ታቦቱ ወጥቷል፣ ቤቱ ግን ቤቱ ነው" አለችኝ እማዬ።

ምሳ ዓሣና ድንች ጥብስ በላን። ይሄ ምግብ በጦርነቱ ጊዜ ራሽን ያልተደረገ ነው፤ መንግሥት ሆን ብሎ ነው የተወው፣ ሠራተኛው እንዳያኮርፍ። ወረፋው ግን ያው ወረፋ ነው። ራሽን ሳይሆን ጨርሶ የጠፋው ደግሞ ሽንኩርት ነበር። ብሪታኒ ከሚባለው የፈረንሳይ ክፍልና ከነገርንዚ ይመጣ ስለነበር፣ 1940 ላይ ጀርመን እነሱን ስትይዝ ገበያው ባዶ ሆነ። አንድ ራስ ሽንኩርት የሎተሪ ዕጣ እስከ መሆን ደርሷል። ይህን ስነግራት እማዬ ሹካዋን አስቀመጠች። ቦንቡን፣ ጋዙን፣ ዋሻውን ሁሉ ችላዋለች። "ያለ ሽንኩርት?" አለች። "ታዲያ ምን ቀቀሉ?"

አምስተኛ ቀን፣ ባሮው

ከሊቨርፑል ባሮው ሩቅ ነው። ሁለት ጊዜ ባቡር ቀየርን። መጨረሻው ላይ ግን ባቡሩ በረጅም ድልድይ የባሕር ሰርጥ ያቋርጣል፣ ከሁለቱም በኩል አሸዋና ውኃ ብቻ። እማዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ቀረች።

ባሮው የመርከብ ፋብሪካ ከተማ ናት። ጀርመኖች የፈለጉት ፋብሪካውን ነው፤ በአብዛኛው የመቱት ግን ቤት ነው። በኤፕሪልና ሜይ 1941 ከ80 በላይ ሰው ሲሞት ከ10,000 በላይ ቤት ተጎዳ። የወደብ ሙዚየሙ ነፃ ነው፣ ደህና ነው፣ መርከብ ለሚወድ ሰው። እኔ ግን ባሮው የመጣሁት ለአንዲት የቤት እመቤት ብዬ ነው።

በ1937 ማስ ኦብዘርቬሽን የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ተራ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን ጽፈው እንዲልኩለት የሚጠይቅ። ጦርነቱ ሲጀመር አንዲት የ49 ዓመት የባሮው ሴት መጻፍ ጀመረች። ባሏ አናጢ ነው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ሠላሳ ዓመት ገደማ ጻፈች። በሚሊዮን የሚቆጠር ቃል። ወረቀቷ ዛሬ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ያለው መዝገብ ውስጥ ነው። ምን ጻፈች? ከትርፍራፊ ምን እንደቀቀለች። ዶሮዎቿን። ከቁራጭ ጨርቅ የምትሰፋቸውን አሻንጉሊቶች። ቦንቡ በወደቀ ሌሊት ቤቷ መስኮቱ ረግፎ፣ ኮርኒሱ ወርዶ ጠዋት ስታየው። ቤታቸው ውስጥ የብረት ጠረጴዛ መሳይ መጠለያ ሥር ያድሩ ነበር። ደግሞም ከሁሉ በላይ ስለ ራሷ። ከጦርነቱ በፊት የእሷ ቀን የሚወሰነው ባሏ ምን ዓይነት ፊት ይዞ በመግባቱ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ከበጎ ፈቃደኛ ሴቶቹ ጋር ካንቲን ገባች፣ ሱቅ ያዘች፣ ሰው ፈለጋት። ወደ ድሮው መመለስ እንደማትችል በግልጽ ጽፋዋለች።

ይህን በሠፈሯ መንገድ ላይ እየሄድን ነበር የማወራት። ተራ ቤቶች ናቸው፣ የቆሻሻ በርሜል ደጃፋቸው የቆመ። እማዬ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ "አባትሽም ሲመለስ ፊቱን እንዲያ ነበር ያደረገው" አለች። "እኔ መጻፍ አላሰብኩም። ደመወዜን ብቻ ነው የቆጠርኩት።"

ያረፍንበት ቤት ባለቤት አሮጊት እናት አሏት፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማታ ሳሎን ውስጥ አራታችን ተቀመጥን። እማዬ የሻይ ላስቲኳን ስታወጣ ሴትየዋ አይተው ቀጥ አሉ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ለቀቃቸው። እናታቸው ሰው ቤት ስትሄድ ሻይ ቅጠሏንና ስኳሯን በወረቀት ጠቅልላ ትይዝ ነበር አሉ፤ የሰው ራሽን መጠጣት ነውር ነው። በሰላሙ ጊዜ ሻይ ሲፈላ ለየሰዉ አንድ አንድ ማንኪያ፣ ለማንቆርቆሪያውም አንድ ይጨመራል። በጦርነቱ "ለማንቆርቆሪያው ምንም" ተባለ። ቅጠሉንም አድርቃ ደግማ ታፈላው ነበር።

እማዬ ቅጠሉን መዝና አፈላች፤ ለአራት ሰው አራት ማንኪያ፣ ለማንቆርቆሪያው ምንም። ላስቲኩ ውስጥ አሁንም ለአንድ ቀን የሚሆን ቀርቷል። አሸንፋኛለች። እጅ ሰጠሁ።

"ስኳሩስ?" አልኳት። ስኳሩ ማለቅ የነበረበት ከሁለት ቀን በፊት ነው።

ቦርሳዋን ከፈተች። ከነጠላዋ ሥር፣ ከመድኃኒቷ አጠገብ፣ የካፌ ስኳር አለ። እነዚያ በወረቀት የታሸጉት ትንንሾቹ። ከማልተን፣ ከሃል፣ ከሼፊልድ፣ ከስቶክፖርት፣ ከሊቨርፑል። ቆጠርኳቸው፣ 43 ናቸው። ለካ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ያ ሁሉ!

"እማዬ!"

"ምን? ካርድ አልጠየቁኝም።"

ሁለቱን ቀድዳ ለሴትየዋ ሰጠቻቸው፣ ሦስቱን ራሷ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠች።